አልታደስ ያለው መተግበሪያና የሌላ ሰው አካውንት

(የዝግጅቱ መለያ ዜማ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅት የሚያተኩረው በስልክና በኮምፒውተር ላይ የተጫኑ መተግበሪያዎች በሌላ ሰው አካውንት ምክንያት አልታደስ ሲሉ በሚፈጠረው ችግር ላይ ነው። ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ፣ በአይፎን፣ በማክ ኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ላይ በምን መልክ እንደሚታይ፣ ከዚያም የተቀመጠ መረጃ ሳይጠፋ በምን መንገድ እንደሚፈታ ይብራራል።

መተግበሪያ፣ በተለምዶ አጠራሩ አፕ፣ ለአንድ የተወሰነ አገልግሎት የተዘጋጀ ፕሮግራም ሲሆን፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ቴሌብር ለብዙው አድማጭ ቅርብ የሆኑ ምሳሌዎች ናቸው። ማዘመን ወይም አፕዴት ማድረግ ደግሞ የቆየውን እትም አዘጋጁ ባወጣው አዲስ እትም መተካት ነው።

አዲስ እትም የሚወጣው መልክ ለማሳመር ብቻ ሳይሆን በቀድሞው ውስጥ የተገኙ የደህንነት ቀዳዳዎችን ለመድፈንም ስለሆነ፣ ለወራት ሳይታደስ የቆየ የገንዘብ መተግበሪያ ባለቤቱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ከባንክ መተግበሪያዎች መካከልም እስኪታደሱ ድረስ አንከፈትም የሚሉ አሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል የዕለት ተዕለት ነገር በመሆኑ፣ የመታደስ ጉዳይ የቴክኖሎጂ አዋቂዎች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

(አጭር ቆይታ)

አቅራቢ፦ ለመሆኑ ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ፣ በስልኩም ውስጥ በቂ ቦታ እያለ፣ ሌሎቹ መተግበሪያዎች ሁሉ ሲታደሱ አንዱ ብቻ ተነጥሎ እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

እርግጥ ነው፣ ቦታ ሲሞላ፣ የስልኩ ቀንና ሰዓት ሲዛባ ወይም ማደስ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ታዝዞ ሲቆይም ዝመና ይቆማል፤ እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም መተግበሪያዎች በአንድነት የሚነኩ እንቅፋቶች ናቸው። እምቢታው በአንድ ወይም በጥቂት መተግበሪያዎች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በተለይም ስልኩ የማይታወቅ ሰው ኢሜይል ጠቅሶ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ፣ ምክንያቱን ከኔትዎርክ ሳይሆን ከአካውንት ዘንድ መፈለግ ይገባል።

አካውንት ማለት አንድ ተጠቃሚ በኩባንያው መዝገብ ውስጥ የሚታወቅበት መለያ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ያሉት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 አፕ ስቶርን ሲከፍት፣ ጉግልም በዚያው ዓመት ዛሬ ፕሌይ ስቶር የተባለውን የአንድሮይድ ገበያ ሲያቋቁም፣ መተግበሪያ የሚወርደው በአካውንት አማካይነት እንዲሆን አድርገዋል። በዚህ አሠራር መሠረት መደብሩ የሚመዘግበው ስልኩ በማን እጅ እንዳለ ሳይሆን መተግበሪያው በማን አካውንት እንደተወሰደ ነው።

ይህ ነጥብ ለቀሪው ማብራሪያ ሁሉ መሠረት ስለሆነ መደገሙ አይከፋም፦ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ መተግበሪያው በመዝገብ ደረጃ በቀድሞው ሰው ስም ሊቀር ይችላል።

(ቀለል ያለ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንዶች)

አቅራቢ፦ በቅድሚያ አይፎንን መመልከት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የአካውንት ጥብቅነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአፕል ዕቃዎች ላይ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለእኅቱ አይፎን የላከ ወንድም እንደ ምሳሌ ይወሰድ። ወንድም ስልኩን ከመላኩ በፊት በራሱ አካውንት ጥቂት ጠቃሚ መተግበሪያዎችን ጭኖበታል፤ እኅት ደግሞ ስልኩ ከደረሳት በኋላ የራሷን አካውንት ከፍታ ሌሎች ጨምራበታለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእርሷ መተግበሪያዎች ያለ ችግር ሲታደሱ፣ ወንድም የጫናቸው ግን በእርሱ ኢሜይል ስም የይለፍ ቃል እየጠየቁ ይቆማሉ። የተበላሸ ነገር የለም፤ መደብሩ ፈቃድ የሚጠይቀው መጀመሪያ መተግበሪያውን ከወሰደው አካውንት ነው።

ታዲያ እኅት ወንድሟን የይለፍ ቃሉን ብትጠይቀው መልካም ነውን? አይደለም። የይለፍ ቃሉ የሚከፍተው አንዱን መተግበሪያ ብቻ ሳይሆን የወንድምን ፎቶግራፎች፣ የክፍያ ካርድና የደብዳቤ ልውውጥ ጭምር ሊሆን ስለሚችል፣ በዝምድና መካከል እንኳ ቢሆን መሰጠት የለበትም። ከዚህም በላይ ቃሉ ዛሬ ቢሰጥ በሚቀጥለው ዝመና ጥያቄው ተመልሶ ስለሚመጣ መፍትሔ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም።

ትክክለኛው መፍትሔ መተግበሪያውን ከስልኩ አጥፍቶ በራስ አካውንት እንደ አዲስ ማውረድ ነው። በቅድሚያ በሴቲንግ ውስጥ ስም የተጻፈበት ቦታ ተከፍቶ፣ ሚዲያ ኤንድ ፐርቼዝስ በሚለው ሥር ያለው አካውንት የራስ መሆኑ ይረጋገጣል፤ አፕል ይህንን ክፍል ፎቶና ስልክ ቁጥር ከሚያስቀምጠው ከአይክላውድ ለይቶ ስለሚይዘው፣ አይክላውዱ የራስ ሆኖ የመደብሩ አካውንት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ መተግበሪያው ይጠፋል፤ በአፕ ስቶር ተፈልጎም እንደገና ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ምልክት ማስተዋል ይረዳል። በመደብሩ ውስጥ ከመተግበሪያው ስም አጠገብ ቀስት ያለበት የደመና ሥዕል ከታየ፣ ያ አካውንት ከዚህ በፊት መተግበሪያውን ወስዶታል ማለት ሲሆን፣ ጌት የሚል ጽሑፍ ከታየ ግን ለአካውንቱ አዲስ ነው ማለት ነው። በገንዘብ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ስለሚታይ፣ አዲሱ ባለቤት ዳግመኛ ይከፍላል፤ ይህን ወጪ የሚያስቀረው ፋሚሊ ሼሪንግ የተባለው የቤተሰብ መጋሪያ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ እስከ 6 የሚደርሱ የቤተሰብ አባላት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አካውንት እንደያዙ ግዢ እንዲጋሩ ያስችላል።

(አጭር ቆይታ)

አቅራቢ፦ አንዳንድ ሰዎች በሁለት አካውንቶች መካከል እየተመላለሱ፣ ማለትም ከአንዱ ወጥተው ወደ ሌላው እየገቡ፣ ችግሩን ለማለፍ ይሞክራሉ። አፕል ግን ቀደም ሲል የተወሰዱ መተግበሪያዎችን ያወረደ ወይም በራስ ሰር እንዲወርዱ የፈቀደ ዕቃ ከአንድ አካውንት ጋር ሲቆራኝ፣ ቁርኝቱን ወደ ሌላ ለማዛወር 90 ቀን እንዲጠበቅ ሊያደርግ ስለሚችል ምልልሱ አያዛልቅም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ እጅግ አሳሳቢ ማታለያ አለ። የማይታወቅ ሰው የተፈለገውን መተግበሪያ በነጻ አስወርዳለሁ ብሎ የራሱን የአፕል አካውንት ከነይለፍ ቃሉ ይሰጥና፣ ባለስልኩ በሴቲንግ በኩል በዚያ አካውንት ሲገባ፣ አታላዩ ስልኩን እንደ ጠፋ ዕቃ አስመዝግቦ ከሩቅ ይቆልፈዋል፤ ለመክፈቻውም ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ የሌላ ሰው አካውንት በራስ ስልክ ውስጥ ማስገባት ስልኩን ለዚያ ሰው አሳልፎ እንደመስጠት የሚቆጠር ነው።

በማክ ኮምፒውተር ላይም ነገሩ ይመሳሰላል። ያገለገለ ማክ የገዛ ተማሪ ፔጅስ፣ ኪኖት፣ አይሙቪ ወይም ጋራዥባንድ የተባሉትን ፕሮግራሞች ለማደስ ሲሞክር በተገዛበት አካውንት እንዲገባ ሊጠየቅ ይችላል፤ እነዚህ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጡ ቢሆኑም መጀመሪያ በተቀበላቸው ሰው አካውንት ስለሚመዘገቡ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ የሚሰጡ በመሆናቸው አሮጌውን ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጥሎ በራስ አካውንት ማውረድ ይበቃል። በአንድ ማክ ላይ ብዙ ተጠቃሚዎች ባሉበት ቢሮም የፕሮግራሞቹ ማኅደር የጋራ ስለሆነ፣ አንዱ በራሱ አካውንት ያወረደውን ሌላው ሊከፍተው ቢችልም ሊያድሰው ግን ሊቸገር ይችላል።

(የመሸጋገሪያ ዜማ)

አቅራቢ፦ ወደ አንድሮይድ ሲታለፍ መልኩ ይለወጣል። በፕሌይ ስቶር በነጻ የወረደ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ባለ በሌላ የጉግል አካውንትም ሊታደስ ስለሚችል፣ የአካውንት ጥያቄ ጎልቶ የሚመጣው በተገዙ መተግበሪያዎች ላይ ነው፤ የገዛው አካውንት ከስልኩ ሲወጣ ዝመናውም ይቆማል። በስልኩ ላይ ሁለት አካውንቶች ካሉ በፕሌይ ስቶር አናት በስተቀኝ ያለውን ክብ ሥዕል ነክቶ ወደ ሌላው በመቀየር መሞከር ይቻላል።

ይልቁንም በአንድሮይድ ላይ ግራ የሚያጋባው፣ ሌላ ተጠቃሚ የማይጣጣም እትም አስቀድሞ በዚህ ስልክ ላይ ጭኗል የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ነው። ስልኩ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ ሌላ ተጠቃሚ የተባለው ማን ነው?

አንድሮይድ ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ዕቃ ላይ ማስተናገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 በታብሌት፣ በ2014 ደግሞ በስልክ ላይ ነው። አሠራሩ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች በአንድ የመብራት ቆጣሪ ከሚጠቀሙበት ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል፤ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ክፍልና ቁልፍ ቢኖረውም ቆጣሪው ግን አንድ ነው። በአንድሮይድም የእያንዳንዱ ተጠቃሚ መልእክትና ፋይል ለየብቻ ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ የመተግበሪያው ፕሮግራም ራሱ ግን ለሁሉም በአንድ ቅጂ ብቻ ይቀመጣል።

በዚህ ላይ ዲጂታል ፊርማ የሚባለው ነገር ይጨመራል። ዲጂታል ፊርማ አዘጋጁ በመተግበሪያው ላይ የሚያኖረው፣ በሌላ ሰው ሊኮረጅ የማይችል የምስጢር ማረጋገጫ ነው፤ አንድሮይድም አዲሱ እትም የአሮጌውን ፊርማ ካልያዘ በላዩ ላይ እንዲጫን አይፈቅድም። ይህ ክልከላ ባለስልኩን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ባይኖር ኖሮ ማንም አታላይ ሐሰተኛ የባንክ መተግበሪያ ሠርቶ በእውነተኛው ላይ ሊጭነው በቻለ ነበር።

እንግዲህ ከሁለቱ ተጠቃሚዎች አንዱ፣ ለምሳሌ ታናሽ ወንድም፣ በቴሌግራም ቻናል ያገኘውን የተቀየረ የዋትስአፕ ቅጂ በእንግዳ ተጠቃሚ ክፍል ውስጥ ቢጭን፣ ቅጂውም የእውነተኛውን መለያ ስም ይዞ ፊርማው ግን ሌላ ቢሆን፣ ታላቅ እኅት በራሷ ክፍል እውነተኛውን ዋትስአፕ ለመጫን ስትሞክር ስልኩ እምቢ ይላታል። በእርሷ ገጽ ላይ ዋትስአፕ የሚባል ነገር ባይታይም በስልኩ ውስጥ ግን አለ።

ሌላ ተጠቃሚ የሚባለውም ሁልጊዜ ሥጋና ደም ያለው ሰው አይደለም። በሳምሰንግ ስልክ ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው የተቆለፈ ክፍል፣ አንድን መተግበሪያ በሁለት ቁጥር ለመጠቀም የሚያስችለው የድርብ መተግበሪያ አገልግሎት፣ መሥሪያ ቤቶች በሠራተኞቻቸው ስልክ ላይ የሚከፍቱት የሥራ ክፍልም በአንድሮይድ ዓይን እንደ ተጨማሪ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ።

መፍትሔው በሴቲንግ ውስጥ አፕስ የሚለውን ከፍቶ፣ መተግበሪያውን መርጦ፣ በላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች በመንካት አንኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ፣ ማለትም ከሁሉም ተጠቃሚዎች አጥፋ የሚለውን ማዘዝ ነው። ትእዛዙ በማይታይባቸው ስልኮች ላይ ወደ ሌላው ተጠቃሚ ክፍል ወይም ወደ ተቆለፈው ማኅደር ገብቶ ከዚያው ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ቀጥሎም መተግበሪያውን ከፕሌይ ስቶር ብቻ ማውረድ ነው። ከሁሉም ተጠቃሚዎች ማጥፋት የሌላውን ሰው መረጃም አብሮ ስለሚያጠፋ፣ ስልኩን የሚጋሩት ሁሉ አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ወደሚሻው ጉዳይ መምጣት ይገባል። በአይፎንም ሆነ በአንድሮይድ መፍትሔው አጥፍቶ እንደገና መጫን ከሆነ፣ በመተግበሪያው ውስጥ ያለው መረጃ ምን ይሆናል?

መልሱ መረጃው በሚቀመጥበት ቦታ ይወሰናል። የቴሌብር ገንዘብ የሚገኘው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ስለሆነ መተግበሪያው ቢጠፋ ሒሳቡ አይነካም፤ ባለቤቱ በሲም ካርዱና በምስጢር ቁጥሩ ተመልሶ ይገባል። የቴሌግራም ተራ ውይይቶችም በድርጅቱ ማከማቻ ስለሚቀመጡ ይመለሳሉ፤ ምስጢራዊ ውይይት ተብለው የተከፈቱት ግን በስልኩ ላይ ብቻ ስለሚኖሩ አይመለሱም።

የዋትስአፕ ነገር ይለያል። ዋትስአፕ የውይይት ቅጂ፣ ማለትም ባክአፕ፣ በአይፎን ወደ አይክላውድ፣ በአንድሮይድ ደግሞ ወደ ጉግል አካውንት ስለሚልክ፣ አካውንቱ የሌላ ሰው ከሆነ ለዓመታት የተጠራቀመው ቅጂ ባለቤቱ በማይገባበት ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት በአንድሮይድ በዋትስአፕ ሴቲንግ፣ ቻትስ በሚለው ሥር፣ በአይፎን ደግሞ በስልኩ ሴቲንግ፣ ባክአፕ የሚቀመጥበት አካውንት የራስ ይደረጋል፤ አዲስ ባክአፕም ተወስዶ እስኪያልቅ ይጠበቃል።

የመግቢያ ኮድ የሚያመነጩ መተግበሪያዎች፣ በስልኩ ላይ ብቻ የሚያስቀምጡ የድምፅ መቅጃዎችና የማስታወሻ ደብተሮች ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሳይገለበጡ፣ ኮዶቹም ሳይዛወሩ ከጠፉ መመለሻ የላቸውም። በአጭሩ፣ መጀመሪያ መረጃው የት እንዳለ ማወቅ፣ ከዚያ ማዳን፣ ማጥፋት ደግሞ በመጨረሻ ነው።

(አጭር ቆይታ)

አቅራቢ፦ በኢትዮጵያ ከተሞች የዚህ ችግር አንዱ ምንጭ ከሞባይል መሸጫና ጥገና ቤቶች የሚጀምር ነው። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ጂሜይል እንዲከፈትለት ይጠይቅና፣ ሠራተኛው በችኮላ በራሱ ስልክ ቁጥር ወይም ቀድሞ በተዘጋጀ አካውንት አስገብቶ ያስረክበዋል። ገዢው የይለፍ ቃሉን አያውቀውም፤ ብሎም አካውንቱ ለሌሎች ደንበኞችም አገልግሎ ከሆነ የአንዱ ስልክ ቁጥሮች በሌላው ስልክ ላይ መታየት ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም ጉግል በአንድ አካውንት ሥር ያሉ ስሞችን በሁሉም ስልኮች ላይ እኩል ያደርጋል።

ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ደንበኛውም ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሁንልኝ ይላል። ነገር ግን ባለስልኩ ራሱ ቁጭ ብሎ በገዛ ቁጥሩ አካውንት የሚከፍትባቸው ጥቂት ደቂቃዎች፣ ኋላ ከሚመጣው መጉላላት ጋር ሲነጻጸሩ ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም።

እንዲህ ባለ አካውንት ለቆየ ሰው መውጫ መንገድ አለ። የራሱን አዲስ አካውንት በስልኩ ላይ ይጨምራል፤ በአሮጌው ሥር የተመዘገቡትን ስሞች ወደ ፋይል አውጥቶ በአዲሱ ሥር ያስገባል፤ ፎቶዎቹንና የዋትስአፕ ባክአፑን ያዛውራል፤ ሁሉም መተላለፉን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ አሮጌውን አካውንት ከስልኩ ያስወግዳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ አካውንቱ ሲወገድ በሥሩ የነበሩት ስሞች አብረው ከስልኩ ይጠፋሉ።

ያለ ዝግጅት ስልኩን ፎርማት ማድረግስ ያዋጣልን? አያዋጣም። አይፎን ከእ.ኤ.አ. 2013፣ አንድሮይድ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ፣ በውስጡ የነበረው አካውንት በሥርዓት ሳይወጣ የተደመሰሰን ስልክ ያንኑ አካውንት እስኪያገኝ የሚቆልፍ የስርቆት መከላከያ ስላላቸው፣ አንድ መተግበሪያ ለማደስ የተደረገ ሙከራ ስልኩን በሙሉ ከአገልግሎት ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

(ዜማ ከሥር በዝግታ ይገባል።)

አቅራቢ፦ በመሆኑም በውጭ አገር ሆነው ለቤተሰባቸው ያገለገለ ስልክ የሚልኩ አድማጮች ስልኩን ከማሸጋቸው በፊት ከአካውንታቸው ቢወጡና ሁሉንም ይዘት ቢደመስሱ ተቀባዩ በራሱ ስም ይጀምራል። ስልኩ አስቀድሞ ከተላከ ደግሞ፣ የአይፎን ላኪው ባለበት ሆኖ በአይክላውድ ድረ ገጽ ላይ በፋይንድ ማይ ክፍል ስልኩን ደምስሶ ከአካውንቱ ማስወገድ ስለሚችል፣ ዕቃውን መልሶ መላክ አያስፈልግም፤ ከመደምሰሱ በፊት ግን ተቀባዩ የራሱን መረጃ ማዳኑን በስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ላኪው ካልተገኘ ወይም በሕይወት ከሌለ፣ አፕል የመጀመሪያውን የግዢ ደረሰኝ መርምሮ ቁልፉን ሊያነሳ የሚችልበት የአቤቱታ መንገድ አለ፤ ስለሆነም ደረሰኙ ከስልኩ ጋር አብሮ ይላክ።

(ዜማው ከፍ ብሎ ዝግጅቱ ያበቃል።)